ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብና የዘመድ ሞግዚትነት፦ በወላይታ ዞን ለሚኖሩ ቤተሰቦች የቀረበ መረጃ

ወላጆቹን በሞት ያጣ፣ ተጥሎ የተገኘ ወይም ወላጆቹ በሕመምና በከባድ ችግር ምክንያት ሊያሳድጉት ያልቻሉ ሕፃን በሌላ ቤተሰብ እጅ የሚያድግባቸው መንገዶች በርካታ ናቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁሉም «ጉዲፈቻ» ወይም «ልጅ ለማሳደግ መስጠት» ተብለው ይጠራሉ። በሕግ ፊት ግን በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት አለ። አንዱ ለጥቂት ወራት የሚቆይ ሲሆን ሌላው ለዕድሜ ልክ የሚጸና ነው፤ በአንዱ ወላጅ ሥልጣኑን እንደያዘ ይቆያል፣ በሌላው ሥልጣኑ ለአዲስ ወላጅ ይተላለፋል። ይህን ልዩነት ሳይረዱ በተፈረመ ወረቀት ምክንያት በወላይታና በአካባቢው ዞኖች ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት የዘለቀ ኀዘን ውስጥ ገብተዋል። ስለሆነም ማንኛውም ወላጅ፣ አያት ወይም ዘመድ ከመፈረሙ በፊት የሚፈርመው የትኛውን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

በቅድሚያ አንድ የሕግ ጉዳይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን ነው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ነበር። ወላይታ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት አንቀጾች የፌዴራሉ ሕግ አንቀጾች ናቸው። በክልል ደረጃ የአንቀጽ ቁጥርና አንዳንድ ዝርዝሮች ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት በወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም በፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥ ይገባል።

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል

ቃሉ ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ማሳደግ ማለት ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ ልጅን እንደ ራስ ልጅ አድርጎ የጎሳ አባል የሚያደርግ ሥርዓት ነው። በአማራው ዘንድም የማር ልጅና የጡት ልጅ የሚባሉ ዝምድናን የሚፈጥሩ ልማዶች ነበሩ። በወላይታም ቢሆን ወላጅ አልባ ልጅ በአያት፣ በአጎት ወይም በአክስት ቤት ማደጉ የቆየና ዛሬም ሰፊውን ቦታ የያዘ ልማድ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፦ ልጁ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንዳለና የማን ዘር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ወላጅ በዓል ሲመጣ ልጁን ሊያይ ይችላል፣ ልጁም አድጎ ወደ ተወለደበት ቤት መመላለሱ አይቀርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ ቃል ተቀብሎ የሕግ ተቋም አደረገው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻን በአንድ ሰውና በአንድ ሕፃን መካከል በስምምነት የሚፈጠር የልጅነት ዝምድና አድርጎ ይገልጸዋል (አንቀጽ 180)። ቃሉ አንድ ቢሆንም በባህል የሚታወቀውና በፍርድ ቤት የሚጸድቀው አንድ አይደሉም። በወላይታ የደረሰው ችግር ዋነኛ ምንጭም ይኸው የቃል መመሳሰል ነው።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ በወላይታ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኢትዮጵያ ለውጭ አገር ጉዲፈቻ ብዙ ሕፃናት ከሚሄዱባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ሆነች። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አሜሪካ ብቻ 2,500 ያህል ሕፃናት የሄዱ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ከኢትዮጵያ የምትበልጠው ቻይና ብቻ ነበረች። ጉዲፈቻው እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ ወደዚያች አገር የሄዱት በድምሩ ከ15,000 በላይ ናቸው። ወደ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሄዱትም ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ከደቡብ፣ በተለይም ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ የተገኙ ነበሩ።

ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ወላይታ የእርሻ መሬቱ ጠባብ፣ የሕዝቡ ብዛት ደግሞ ከፍተኛ የሆነ አካባቢ ነው፤ አንድ የዝናብ ወቅት ሲዛባ ብዙ ቤተሰብ ይቸገራል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ «ልጅህ ተምሮ ይመለሳል፣ አንተንም ይረዳሃል» የሚል ደላላ ሲመጣ፣ የሰማው ሰው የገመተው በባህሉ የሚያውቀውን ዓይነት ማሳደግ ነበር። የተፈረመው ግን ልጁን በሌላ አገር የሌላ ሰው ልጅ የሚያደርግ ስምምነት ነው። ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ልጆች «ወላጅ አልባ» ተብለው የተመዘገቡባቸው፣ ዕድሜና የአባት ስም የተለወጠባቸው ሰነዶችም ተገኝተዋል። በ2006 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የአንድ ጉዲፈቻ አገናኝ ድርጅት ኃላፊዎችና ሠራተኞች ለኢትዮጵያ ሕፃናት ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ተብለው በወንጀል ተከሰዋል፤ ከእነርሱም መካከል ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ።

የመንግሥት እርምጃ በደረጃ የመጣ ነበር። ከመጋቢት 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ በቀን የሚያያቸውን የጉዲፈቻ ጉዳዮች ወደ 5 ዝቅ አደረገ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አንዲት ኢትዮጵያዊት የጉዲፈቻ ልጅ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ እጅ በደረሰባት በደል ሕይወቷ ማለፉና በኋላም አሳዳጊዎቿ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባላቸው በአገር ውስጥ ከባድ ቁጣ ቀሰቀሰ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ ታገደ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን ማሻሻያ አጸደቀ፤ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ እንዲወስዱ ይፈቅዱ የነበሩት ድንጋጌዎች ከሕጉ ወጡ። በመሆኑም ዛሬ ማንም ሰው ወይም ድርጅት «ልጁን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ እናስልክልዎ» የሚል ጥያቄ ይዞ ቢመጣ፣ የሚጠይቀው ሕግ የከለከለውን ነው።

እገዳው በሌላ በኩል አንድ ጥያቄ ትቶ አልፏል፤ ወደ ውጭ የማይሄዱት ሕፃናት በአገር ውስጥ የሚያድጉት በማን ቤት ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መንግሥት ለእጓለ ማውታ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንደሚያበረታታ ይደነግጋል። በሰኔ 2001 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ ክብካቤን፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና የተቋም ክብካቤን በየተራ ያስቀምጣል። የተቋም ክብካቤ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሌሎቹ ግን እንደ ሕፃኑ ሁኔታ የሚመረጡ ናቸው።

በዘመድ ቤት ማደግ

አብዛኛው ቤተሰብ የሚያስፈልገው ጉዲፈቻ ሳይሆን ይኸኛው ነው። ለምሳሌ በዳሞት ጋሌ ወረዳ የምትኖር አንዲት አያት የልጇን ልጆች ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ወስዳ የምታሳድግ ቢሆን፣ ልጆቹን ልጆቿ ለማድረግ ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅባትም፤ አስቀድሞም የሥጋ ዘመዶቿ ናቸው። የሚያስፈልጋት የሞግዚትነት ማረጋገጫ ነው። ያለዚህ ማረጋገጫ ልጆቹን በትምህርት ቤት ስታስመዘግብ፣ የሟች ወላጆቻቸውን ጡረታ ስትጠይቅ ወይም በስማቸው ያለን ንብረት ስታስተዳድር እንቅፋት ይገጥማታል።

ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ከሞተ በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን ሞግዚትና አሳዳሪ ሆኖ ይቀጥላል። ሁለቱም ከሞቱ መጀመሪያ የሚታየው በመጨረሻ የሞተው ወላጅ በኑዛዜ የሰየመው ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ በቅደም ተከተል አያቶችን፣ አካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እህቶችን፣ ከዚያም አጎቶችንና አክስቶችን ይጠራል (አንቀጽ 225)። ፍርድ ቤቱ ከእነዚህ መካከል ለሕፃኑ ይበጃል የሚለውን ያረጋግጣል።

የወላጅ አልባ ሕፃናት መሬት ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። እንደ ወላይታ የእርሻ መሬት በጠበበበት አካባቢ ሕፃኑን ለማሳደግ የሚወዳደሩ ዘመዶች ሁሉ ሕፃኑን ብቻ ብለው አይመጡም። ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሕጋዊ ሞግዚታቸው አማካይነት የገጠር መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው በገጠር መሬት ሕግ የተደነገገ መርህ ነው። ሞግዚቱ መሬቱን በሕፃኑ ስም ያስተዳድራል እንጂ ባለቤት አይሆንበትም፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ወደ ራሱ ስም ማዞርም አይችልም። ይህ ሲደረግ ያየ ጎረቤት ወይም የቀበሌ አመራር ለወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይችላል፤ ሞግዚቱን በሌላ ሰው እንዲተካ ለፍርድ ቤት ማመልከትም ይቻላል።

በዘመድ ቤት የሚያድጉ ሕፃናትን ለመደገፍ በየቀበሌው ያለው አቅም የተለያየ ነው። የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት በተቋቋመበት ቀበሌ የትምህርት ቁሳቁስና የቀለብ ድጋፍ የሚገኘው በዚያ በኩል ነው፤ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚሠራባቸው ወረዳዎች ደግሞ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የያዘ አቅመ ደካማ ቤተሰብ በቀጥታ ድጋፍ ሊታቀፍ ስለሚችል፣ አሳዳጊዋ ስሟ በምልመላ ወቅት እንዲታይ ለቀበሌው ማመልከት ይኖርባታል። በየጊዜው የሚደረገው ምልመላ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ እስከሚቀጥለው ሊቆይ ይችላል።

የአደራ ቤተሰብ

የአደራ ቤተሰብ ስሙ እንደሚያመለክተው አደራ ነው። ሕፃኑ ከራሱ ቤተሰብ ጋር ለጊዜው መኖር ባይችል፣ ለምሳሌ እናቱ ለረዥም ጊዜ ሆስፒታል ብትተኛ ወይም ተጥሎ ተገኝቶ ቤተሰቡ እየተፈለገ ከሆነ፣ የሠለጠነና የተመረጠ ቤተሰብ ዘንድ በጊዜያዊነት ይቆያል። የልጅነት ዝምድና አይፈጠርም፣ ውርስ አይኖርም፣ የአባት ስም አይለወጥም። ምደባው የሚደረገው በሕፃናት ጉዳይ ኃላፊነት ባለው የመንግሥት አካል ወይም ከእርሱ ጋር በስምምነት በሚሠራ ድርጅት በኩል ሲሆን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ቤቱን ከምደባው በፊት ይጎበኛል፣ ከምደባው በኋላም ይከታተላል። የአደራ ጊዜው የሚያበቃው ሕፃኑ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ወይም ሌላ ዘላቂ መፍትሔ ሲገኝለት ነው። አንዳንድ የአደራ ቤተሰቦች ከጊዜ በኋላ ሕፃኑን በጉዲፈቻ ለመውሰድ ይጠይቃሉ፤ ይህ አዲስ ጉዳይ ሆኖ በፍርድ ቤት ይታያል እንጂ በቆይታ ብዛት ብቻ የሚገኝ መብት አይደለም።

የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ

ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት በጋራ ሲያደርጉ ከሁለቱ አንዱ ይህን ዕድሜ ቢያሟላ በቂ ነው (አንቀጽ 184)። ባለትዳር የሆነ ሰው ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም፤ የትዳር ጓደኛውን ልጅ ሲወስድ ወይም የትዳር ጓደኛው ፈቃዱን መግለጽ በማይችልበት ሁኔታ ላይ ሲገኝ ብቻ ይህ ይቀራል። ልጅ ያለው ሰውም ቢሆን ጉዲፈቻ ከማድረግ አይከለከልም። በጉዲፈቻ የሚወሰደው ሰው ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነና በአሳዳሪ ሥር ያለ መሆን ይኖርበታል።

ስምምነቱ በጉዲፈቻ አድራጊውና በሕፃኑ አሳዳሪ መካከል ይደረጋል። ሁለቱም ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው፤ አንዱ ከሞተ፣ ከጠፋ፣ ካልታወቀ ወይም ፈቃዱን መስጠት ካልቻለ የሌላው ፈቃድ ይበቃል። ሕፃኑ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ከወላጆቹ አንዱ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የሕፃኑን ሐሳብ ሰምቶ ስምምነቱን ሊያጸድቅ ይችላል። ሕፃኑ በማሳደጊያ ድርጅት ያለ ከሆነ ድርጅቱ ስለ ሕፃኑ ማንነት፣ ሕፃኑን እንዴት እንደተረከበና ስለ ጉዲፈቻ አድራጊው የግል፣ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ሁኔታ በቂ መረጃ የሕፃናትን ደኅንነት ለሚከታተለው የመንግሥት አካል ማቅረብ ግዴታው ነው።

ስምምነቱ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በቀር ምንም ውጤት የለውም (አንቀጽ 194)። በቀበሌ የተጻፈ ውል፣ በሽማግሌ ፊት የተደረገ ስምምነት ወይም በሃይማኖት አባት የተባረከ ቃል ኪዳን የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን ጉዲፈቻን አይፈጥርም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ጉዲፈቻው ለሕፃኑ ጥቅም መሆኑን ነው። የሕፃኑን አስተያየት ይሰማል፤ አድራጊው ሕፃኑን የማሳደግ አቅም እንዳለው፣ ጉዲፈቻውንም ለራሱ ጥቅም ማግኛ ያደርገው እንደሆነ ያጣራል። ወላይትኛ ብቻ የሚናገር ወላጅ ወይም ሕፃን የሚጠየቀው በሚገባው ቋንቋ መሆን ይኖርበታል። የሚፈርመው ወረቀት ያልተነበበለት ሰው እንዲነበብለት ከመጠየቅ ሊያፍር አይገባም።

ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላ ልጁ ለማናቸውም ጉዳይ የጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ከወለዳቸው ልጆች ጋር እኩል ወራሽ ነው። የጉዲፈቻ አድራጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ግን ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙና ተቃውሟቸውን ጉዲፈቻው በጸደቀ በ1 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ካስመዘገቡ፣ በእነርሱ ላይ ውጤት አይኖረውም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላው ነጥብ፣ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና የማይቋረጥ መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል (አንቀጽ 183)። ይህ ድንጋጌ የባህሉን መንፈስ የጠበቀ ነው። በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ልጅን ከወላጁ ለዘለዓለም መደበቅ የሕጉ ዓላማ አይደለም። ልጁ ስለ ማንነቱ በዕድሜው ልክ ከአሳዳጊዎቹ አፍ መስማቱ ከጎረቤት ወይም ከትምህርት ቤት ጓደኛ ከመስማቱ የተሻለ መሆኑን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ደጋግመው ይመክራሉ።

ጉዲፈቻ እንደ ውል በሁለት ወገን ፈቃድ አይፈርስም። አሳዳጊው ሕፃኑ አስቸገረኝ ብሎ፣ ወላጅ ደግሞ ኑሮዬ ተሻሽሏል ብሎ ማፍረስ አይችልም። ፍርድ ቤት ሊሽረው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፋንታ እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ ሲይዘው፣ ለጥቅም ሲል ከመልካም ምግባር ውጪ በሆነ ተግባር ሲያሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሌላ አኳኋን ሲይዘው ነው። ልጁ ራሱ፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ጉዳዩ የሚያገባው ማንኛውም ሰው ለዚህ ማመልከት ይችላል።

ቤተሰቡ ለጉዲፈቻ ሲቀርብ በተለምዶ የሚጠየቁት የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ናቸው፤ በተጨማሪም ባለሙያ ቤቱን ይጎበኛል። ጉብኝቱ የሀብት ምርመራ ሳይሆን ሕፃኑ የሚተኛበትን፣ የሚማርበትንና የሚከበርበትን ቤት ለማየት የሚደረግ ነው። በዚህ ምክንያት መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ባልና ሚስት አስቀድመው ተስፋ መቁረጥ አይኖርባቸውም።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከተገኘ በኋላ ቀሪው ሥራ ምዝገባ ነው። ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ከሚመዘገቡት ወሳኝ ኩነቶች አንዱ ስለሆነ፣ የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ ሳይዘገዩ ወደሚኖሩበት ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሕፃኑ የልደት ምዝገባ ከሌለው መጀመሪያ ያው መደረግ አለበት። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ቢያዝም፣ ያለፈበት ልደትም በዘገየ ምዝገባ ይስተናገዳል።

ስለ ማሳደጊያ ተቋማት

ሕፃን በተቋም የሚቆየው ሌላው መንገድ ሁሉ ካልተሳካ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በተቻለ መጠን ለአጭር ጊዜ። ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት በቂ ምክንያት ስላልሆነ፣ ለልጇ ቀለብ ያጣች እናት ወደ ተቋም ከመሄዷ በፊት ለራሷ ድጋፍ እንድታገኝ ማመልከት ይቀድማል። አደጋ በሚደርስበት ጊዜም ሥርዓቱ ያው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ዓይነት ጊዜ የሚቀድመው ዘመድ ማፈላለግና ጊዜያዊ መጠለያ ነው፤ ጉዲፈቻ የሚታሰበው ፍለጋው ካበቃ በኋላ ነው።

«ከተማ ወስጄ ላስተምረው» የሚል ሰው ሲመጣ

ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ሌሎች ከተሞች ሕፃናትን ይዞ መሄድ የተለመደ ሆኗል። የወሰደው ሰው አጎት ወይም የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ቃሉን ጠብቆ ያስተምራል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ሊስትሮ ሲሠራ፣ ሎተሪ ሲያዞር፣ ሸማ ሲሠራ ወይም ልጅቷ በቤት ሠራተኝነት ስትኖር ይገኛል። ይህ የአደራ ቤተሰብ አይደለም፣ ጉዲፈቻም አይደለም፤ ሕፃኑን ለጉልበት ብዝበዛ አስቦ የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በሰው የመነገድ ወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ልጁን ለመላክ የወሰነ ቤተሰብ ቢያንስ የወሳጁን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያውን ቅጂ፣ የሚኖርበትን ክፍለ ከተማና ወረዳ እንዲሁም የትምህርት ቤቱን ስም ይዞ በቀበሌው ማስመዝገብ አለበት። ይህን ለመስጠት ቅር የሚለው ሰው ልጅ ሊሰጠው አይገባም።

ወደ ውጭ የሄዱ ልጆቻቸውን ለሚፈልጉ ቤተሰቦች

እገዳው ከመጣ በኋላም የቀደሙት ጉዳዮች አልተዘጉም። በሕፃንነታቸው ከወላይታ ሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከገጠር ቀበሌዎች የሄዱ ልጆች ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሰዋል፤ ከእነርሱም ወላጆቻቸውን ፍለጋ የሚመለሱ አሉ። በዚህ በኩል ደግሞ ልጃቸው በሕይወት መኖሩን እንኳ ሳይሰሙ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች አሉ።

አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የዕድገቱን ሪፖርት ከፎቶግራፍ ጋር እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር። የተላከ ሪፖርት ካለ በጉዳዩ ማኅደር ውስጥ ይገኛል። ወላጅ ይህንን ለመጠየቅ ማመልከቻውን በሚኖርበት ወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል ማቅረብ ይችላል። በማመልከቻው ላይ የልጁ የቀድሞ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የሄደበት ዓመት በግምትም ቢሆን፣ የወሰደው ማሳደጊያ ወይም አገናኝ ድርጅት ስምና ጉዳዩ የታየበት ፍርድ ቤት ቢጠቀሱ ፍለጋው ይቀላል። ያረጀ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ የፎቶግራፍ ጀርባ ላይ የተጻፈ ስም ሁሉ ማስረጃ ስለሚሆን መጣል የለበትም። ድርጅቱ ተዘግቶ ከሆነ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ዋነኛው ምንጭ ነው። ከመንግሥት አካላት ውጪ ቤተሰብ ፍለጋ የተባለው ድርጅት ወላጆችም ሆኑ ልጆች መረጃቸውን አስመዝግበው የሚፈላለጉበትን የመረጃ ቋት ያስተዳድራል።

ልጁ ወይም ልጅቷ ከተገኙ በኋላ መጀመሪያ በባለሙያ አማካይነት መነጋገር ይመከራል። ቋንቋው ተለውጧል፤ ልጁ የሰማው ታሪክና ወላጅ የሚያውቀው ታሪክ አንድ ላይሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን የገንዘብ ጥያቄ ማንሳት ገና ያልጠና ግንኙነት ሊያቋርጥ ስለሚችል ዘመዶችም በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። ዝምድናውን በዘረመል ምርመራ ማረጋገጥ የሚፈልግ ወገን ቢኖር ይህ እንደ ስድብ ሊወሰድ አይገባም፤ በሰነዶቹ ላይ ከደረሰው ነገር አንጻር ምክንያታዊ ጥያቄ ነው።

አገልግሎቱ የሚሰጠው የት ነው

የመጀመሪያው በር የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ቀጥሎ የወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወላይታ ሶዶ የሚገኘው የዞኑ መምሪያ ነው። የክልሉ ቢሮና ሚኒስቴሩ የሚመለከቱት በታች ያልተፈቱ ወይም ከአንድ ክልል በላይ የሚነኩ ጉዳዮችን ነው። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ያየ ሰው በቅድሚያ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ሕፃኑን ወደ ቤቱ ወስዶ ዝም ማለት በበጎ ሐሳብ ቢደረግም በኋላ የጉዲፈቻ ጥያቄውን ያወሳስበዋል፤ ወላጆቹ በሕይወት ካሉም እንዳያገኙት ያደርጋል።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸው ተገልጋዮች ከፍትሕ ጽሕፈት ቤቶችና ነፃ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች እርዳታ መጠየቅ ይችላሉ። በየትኛውም ደረጃ ሕፃን ለመስጠትም ሆነ ለመቀበል የሚከፈል ገንዘብ የለም። የፍርድ ቤት ወይም የምዝገባ አገልግሎት ክፍያ ሲኖር በሕጋዊ ደረሰኝ ይፈጸማል፤ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የጠየቀ ማንኛውም ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆንም፣ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ወይም ለፖሊስ ሊጠቆም ይገባል። ማመልከቻ ያስገባ ሰው የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር የያዘ ማስረጃ ተቀብሎ መውጣት ይኖርበታል።